ዳቦውን ማን ያመጣላቸው ነበር?

ባለፈው እትማችን፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአምስተርዳም ከተማ ከናዚዎች ተሸሽጋ ስለኖረችው አይሁዳዊት ታዳጊ ስለ አን ፍራንክ ግማሽ ገጽ የማትሞላ ማስታወሻ አውጥተን ነበር። ማስታወሻዋ አጭር ብትሆንም ያስከተለችው ደብዳቤ ከጠበቅነው በላይ ሆኗል፤ ገሚሱ ከዚሁ ከሐዋሳ፣ ገሚሱ ከአዳማና ከሻሸመኔ የመጣ ነው። ገጻችን የሚበቃው ለሰባት ጥያቄዎች ብቻ ስለሆነ፣ ተመሳሳይ ጥያቄ የላኩ አንባብያን መልሳቸውን በሌላው ሰው ደብዳቤ ሥር እንዲፈልጉት እንጠይቃለን። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ «በ1970 ዓ.ም.፣ በቀይ ሽብር ጊዜ፣ እናቴ አጎቴን በቤታችን ኮርኒስ ውስጥ አሥራ አንድ ቀን ደብቃው ነበር። ስታወራ እንደሰማሁት፣ ከቀበሌው አሰሳ ይልቅ ያስጨነቃት የዳቦው ነገር ነበር። ከወትሮው ሁለት ዳቦ ጨምራ ስትገዛ ባለሱቁ ‹እንግዳ መጣብሽ እንዴ?› ስላላት፣ በማግስቱ ሌላ ሰፈር ድረስ እየሄደች መግዛት ጀመረች። እናንተ የጻፋችሁት ስለ ስምንት ሰዎችና ስለ ሁለት ዓመት ነው። በከተማ መሀል፣ ሠራተኛ በሚገባበትና በሚወጣበት ሕንፃ ውስጥ፣ ይህ እንዴት ይቻላል? ምን ይበሉ ነበር? ይቅርታ ይደረግልኝና፣ መጸዳጃውስ?» (የሁለት ልጆች እናት፣ ሐዋሳ፣ መናኸሪያ ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ ይቅርታ የሚያስጠይቅ ነገር አልጠየቁም፤ እንዲያውም ከደረሱን ደብዳቤዎች ሁሉ ወደ ጉዳዩ እምብርት የገባው የእርስዎ ነው። ስለ መሸሸግ ሲተረክ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው የምስጢር በሩና ድርብ ግድግዳው ነው። በር ግን አንዴ ይሠራል፣ ረሀብ በየቀኑ ይመጣል፤ እናትዎ ይህን በአሥራ አንድ ቀን ውስጥ ተረድተውታል።

የፍራንክ ቤተሰብ ሂትለር ሥልጣን ከያዘ በኋላ ከጀርመን ከተማ ከፍራንክፈርት ወደ አምስተርዳም የፈለሰ ነበር፤ በኋላ ግን ጀርመን ኔዘርላንድንም ያዘች። ጁላይ 6 ቀን 1942 የገቡበት መሸሸጊያ፣ የአባትየው የኦቶ ፍራንክ ድርጅት ይሠራበት የነበረው ሕንፃ የኋላ ክፍል ሲሆን፣ የቫን ፔልስ ቤተሰብ ሦስት ሰዎችና አንድ የጥርስ ሐኪም ተጨምረው ስምንት ሆኑ። ከፊት ለፊት ቢሮ፣ ከሥር መጋዘን አለ፤ የመጋዘኑ ሠራተኞች ከጭንቅላታቸው በላይ ሰው እንደሚኖር አያውቁም። ስለዚህ በሥራ ሰዓት ጫማ አይደረግም፣ ቧንቧ አይከፈትም፣ የመጸዳጃ ቤት ውኃ አይለቀቅም፤ ሳል የያዛት ልጅ ሳሏ እንዳይሰማ መድኃኒት እንድትወስድ ይደረጋል። የቧንቧ ሠራተኛ ለጥገና በመጣ ጊዜ ደግሞ ውኃም መጸዳጃም መጠቀም ስለማይቻል፣ በመስታወት ዕቃ እየተጠቀሙ ቀኑን ለመዋል ተገድደዋል። አን ይህን ሁሉ በማስታወሻዋ ላይ ሳታፍር ጽፋዋለች፤ ጽሑፏ ዛሬም ድረስ የሚነበብበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

ወደ ዳቦው እንመለስ። በጦርነቱ ዓመታት በኔዘርላንድ ዳቦ፣ ቅቤ፣ ሥጋና ሳሙና የሚሸጠው በኩፖን ነበር። በደርግ ጊዜ በቀበሌ ሱቅ ተሰልፎ ስኳር የገዛ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል፤ ኩፖን የሚሰጠው ለተመዘገበ ሰው ነው፣ የተሸሸገ ሰው ደግሞ ራሱን ከመዝገብ ያጠፋ ሰው ነው። ስለዚህ ለስምንቱ ሰዎች ኩፖን ከጥቁር ገበያ መግዛት፣ ምግቡን ደግሞ ሰው እንዳይጠረጥር ከተለያየ ቦታ በጥቂት በጥቂቱ መልቀም ያስፈልግ ነበር። ይህን ሥራ የሠሩት የቢሮው ሠራተኞች ናቸው። ሚፕ ጊስ አትክልት ትገዛለች፣ ቤፕ ፎስከይል ወተት ታመጣለች፣ ቪክቶር ኩግለርና ዮሐንስ ክላይማን የድርጅቱን ሥራ እያስኬዱ ገንዘብ ያገኛሉ፤ ዳቦው ክላይማን ከሚያውቀው ዳቦ ጋጋሪ፣ ሥጋው ቫን ፔልስ ከሚያውቀው ሥጋ ሻጭ ይመጣል። ሚፕ የምትገዛበት አትክልት ሻጭ ያን ሁሉ አትክልት ለምን እንደምትፈልገው ጠይቋት አያውቅም። ይህ ሰው በራሱም ቤት ሁለት አይሁዳውያን ደብቆ ስለነበር በሜይ 1944 ተይዞ ተወሰደ፤ እርሱ በተያዘ ጊዜ ከጥቂት ጎዳናዎች ወዲያ ስምንት ሰዎች ቁርሳቸውን ለመተው ተገደዱ። እርሱ ማን እንደሚመገብ ሳይጠይቅ ሸጠ፣ የናንተ ሰፈር ባለሱቅ ግን ጠየቀ፤ ልዩነቱ በጨዋታ መልክ የተሰነዘረች አንዲት ጥያቄ መሆኗ ያስገርማል።

በኦገስት 4 ቀን 1944 መሸሸጊያው ተገኘና ሁሉም ተወሰዱ። ከስምንቱ በሕይወት የተመለሰው ኦቶ ፍራንክ ብቻ ነው፤ አን በ1945 መጀመሪያ ላይ በበርገን ቤልሰን ማጎሪያ ካምፕ ሞተች። ማስታወሻዋን ከወለል ላይ ሰብስባ ያስቀመጠችው ያቺው አትክልት ገዥ ሚፕ ናት።

ከአምስተርዳም ብዙም በማትርቀው በሃርለም ከተማ የነበረው የቴን ቦም ቤተሰብ ታሪክ ደግሞ ተገላቢጦሹ ነው። ይህን ታሪክ በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ያደጉ አንባብያን በስብከት ሳይሰሙት አይቀሩም። የሰዓት ሠሪው የካስፐር ቴን ቦም ልጅ ኮሪ፣ የኩፖን ማደያ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሚሠራ የምታውቀው ሰው ነበራትና ከእርሱ መቶ የራሽን ካርድ ታገኛለች። በመኝታ ክፍሏ የተሠራው ሐሰተኛ ግድግዳ የታወቀ ነው፤ ካርዱ ባይኖር ግን ግድግዳው ለአንድ ሳምንት እንኳ በቂ አይሆንም ነበር። ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1944 ፖሊስ ቤቱን ወርሮ ቤተሰቡን ሲወስድ፣ ከግድግዳው በስተጀርባ ቆመው የነበሩት ስድስት ሰዎች ሳይገኙ ቀርተው ከሁለት ቀን ያህል በኋላ ወጡ። የ84 ዓመቱ ካስፐር በተያዙ በዐሥረኛው ቀን በእስር ላይ ሳሉ ሞቱ፤ ሌላዋ ልጃቸው ቤትሲ በራቨንስብሩክ ካምፕ ሞተች፤ ኮሪ ተረፈች።

ጥያቄ፦ «ሁሉም ነጮች ናቸው። ናዚዎች አይሁዱን ከሌላው በምን ይለዩት ነበር? ስምን ቀይሮ ሌላ ከተማ መኖር አይቻልም ነበር?» (የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ አዳማ)

መልስ፦ ጥያቄሽ መልካም ነው፤ የክፍል ጓደኞችሽ ቢስቁብሽም (እንደሳቁ ጽፈሽልናል) ደጋግመሽ ጠይቂው። ናዚዎች ራሳቸው አይሁድን በመልክ እለያለሁ እያሉ ቢፎክሩም፣ በተግባር የተማመኑት በወረቀት ነበር። በ1935 የወጡት የኑረምበርግ ሕጎች ሦስት አይሁዳውያን አያቶች ያሉትን ሰው፣ እርሱ ራሱ ቢጠመቅም ባይጠመቅም፣ አይሁዳዊ ብለው ፈረጁት፤ የአያቶቹ ሃይማኖት ደግሞ በቤተ ክርስቲያንና በማዘጋጃ ቤት መዛግብት ላይ ሰፍሮ ይገኛል። ከ1939 መጀመሪያ ጀምሮ በጀርመን ስማቸው አይሁዳዊ የማይመስል ወንዶች «እስራኤል»፣ ሴቶች «ሳራ» የሚል ስም እንዲጨምሩ ተገደዱ። በመታወቂያቸው ላይ የተለየ ፊደል ታተመ። በሴፕቴምበር 1941 በጀርመን፣ በሜይ 1942 በኔዘርላንድ፣ በልብሳቸው ላይ ቢጫ ኮከብ ሰፍተው እንዲወጡ ታዘዙ። ስለዚህ መሸሸግ የሚጀምረው ኮከቡን ከኮት ላይ ከመንቀል ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚያስፈልገው አዲስ ወረቀት ነው።

በወረቀቱ ዙሪያ አንድ ሌላ ጦርነት ተካሂዷል ማለት ይቻላል። በፓሪስ ገና በአሥራዎቹ የዕድሜ ክልል የነበረው አዶልፎ ካሚንስኪ ልብስ ማቅለሚያ ቤት ሲሠራ በቀሰመው የኬሚስትሪ ዕውቀት፣ አይለቅም ይባል የነበረውን ሰማያዊ የመታወቂያ ቀለም በላክቲክ አሲድ እያስለቀቀ ለብዙ አይሁዳውያን፣ በተለይም ለሕፃናት፣ ሐሰተኛ ሰነድ ያዘጋጅ ነበር። በአምስተርዳም ደግሞ ሐሰተኛ መታወቂያ ምንም ያህል ቢያምር ከማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ጋር ከተመሳከረ ስለሚጋለጥ፣ ናዚዎችን በስውር ይታገሉ የነበሩ የተቃውሞው ንቅናቄ አባላት ማርች 27 ቀን 1943 የፖሊስ ልብስ ለብሰው ገብተው መዝገብ ቤቱን አቃጠሉት። ከተሳተፉት አሥራ ሁለቱ ተረሽነዋል፤ የተቃጠለውም ከመዝገቡ ከፊሉ ብቻ ነበር።

ከወረቀት የማይጠፋ ምልክትም አለ። በእኛ አገር ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ወንድ ልጁን ስለሚገርዝ አንድ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ላያስበው ይችላል፤ በአብዛኛው የአውሮፓ ክፍል ግን በዚያን ጊዜ የሚገረዘው አይሁድ ነበር፤ ስለዚህ የተጠረጠረ ወንድ ሱሪውን እንዲያወልቅ ይታዘዛል። ወንድ ልጆችን ቀሚስ አልብሰው፣ ጸጉራቸውን አሳድገው እንደ ሴት ልጅ ያኖሩ ቤተሰቦች የነበሩት በዚህ ምክንያት ነው። በፖላንድ ደግሞ ብዙ አይሁዳውያን በቤታቸው የሚናገሩት ይዲሽ ስለነበር ፖላንድኛቸው ቅላጼው ያጋልጣቸዋል፤ «አባታችን ሆይ»ን በቃል አለማወቅም እንዲሁ።

ስም ቀይሮ ሌላ ከተማ መኖርን በተመለከተ፣ አዎን፣ የሞከሩ ብዙዎች ነበሩ። በበርሊን የተሸሸጉት ራሳቸውን «ዩ ቦት»፣ ማለትም ሰርጓጅ መርከብ፣ ብለው ይጠሩ ነበር፤ ውሎአቸው በባቡርና በመናፈሻ፣ አዳራቸው ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ነው። 7,000 ያህል ሰዎች በዚያች ከተማ እንደተሸሸጉና 1,700 ያህሉ እንደተረፉ ይገመታል። ያላወቀ ፖሊስ ያልፋቸዋል፤ የቀድሞ የክፍል ጓደኛ ግን አያልፋቸውም። የናዚዎቹ ምስጢራዊ ፖሊስ ጌስታፖም ይህን ስለሚያውቅ ከአይሁዱ መካከል በማስፈራራትና በተስፋ የያዛቸውን ሰዎች በየካፌውና በየጎዳናው እያሰማራ ዘመዶቻቸውንና ወዳጆቻቸውን እንዲጠቁሙ ያደርግ ነበር።

ጥያቄ፦ «ገንዘብ እየተቀበሉ የደበቁ ነበሩ ይባላል። ነፍስን በክፍያ ያዳነ ሰው ከነጋዴ በምን ይለያል? ደግሞስ ከደበቁት የጠቆሙት አይበዙም ወይ?» (ጡረተኛ የባንክ ሠራተኛ፣ አዳማ)

መልስ፦ በኢየሩሳሌም የሚገኘው የያድ ቫሼም ተቋም ይህንኑ ጥያቄ ከ1963 ጀምሮ ሲመዝነው ኖሯል፤ አይሁዳዊ ሳይሆኑ ነፍሳቸውን ለአደጋ አጋልጠው አይሁድን ላዳኑ ሰዎች «ከአሕዛብ ወገን የሆነ ጻድቅ» የሚል ማዕረግ ሲሰጥ፣ ያነሣሣቸው ጥቅም እንዳልነበረ ያጣራል። እስካሁን ከ28,000 በላይ ሰዎች ይህን ማዕረግ አግኝተዋል። የምግብና የኪራይ ወጪ መቀበል ግን ከማዕረጉ አያስወጣም፤ አንድ ድኻ ገበሬ አምስት ሰው ለሁለት ዓመት ከኪሱ ሊመግብ አይችልምና ይህ ፍትሐዊ ይመስለኛል።

ሊዮፖልድ ሶሃ የተባለውን ሰው እንመልከት። በዛሬይቱ ዩክሬን፣ በልቪቭ ከተማ፣ የፍሳሽ ማስወገጃ ዋሻ ሠራተኛ ነበር፤ ከዚያ በፊት ሌባ ነበር። በ1943 የከተማዋ ጌቶ፣ ማለትም አይሁዳውያን ተለይተው እንዲኖሩበት የተገደዱበት ሰፈር፣ ሲደመሰስ ወደ ፍሳሽ ዋሻው የወረዱ አይሁዳውያንን አግኝቶ በየቀኑ ዋጋ እየተቀበለ ዳቦ ማመላለስ ጀመረ። በአይጥና በቆሻሻ መካከል አሥራ አራት ወር ቆዩ፤ ከሃያ ከማያንሱ ሰዎች በሕይወት የወጡት አሥር ናቸው፣ ከእነርሱም ሁለቱ ሕፃናት ነበሩ። ከጊዜ በኋላ የተሸሸጉት ሰዎች ገንዘብ አለቀ፤ ሶሃ ግን መምጣቱን አላቆመም። አቶ ጡረተኛ፣ እርስዎ ባንክ ቤት ስለኖሩ ያውቁታል፤ ሰው የሚታወቀው ሒሳቡ ዜሮ የሆነ ዕለት ነው። ሶሃም ዛሬ ከያድ ቫሼም ጻድቃን አንዱ ነው።

ወደ ጠቋሚዎቹ ስንመጣ፣ በኔዘርላንድ በ1943 ለአንድ የተያዘ አይሁዳዊ ሰባት ጊልደር ከሃምሳ ሳንቲም ይከፈል ነበር፤ ክፍያው በኋላ ጨምሯል። የሄንአይከ ቡድን ተብሎ የሚታወቀው የቅጥር አዳኞች ቡድን በዚያው ዓመት በጥቂት ወራት ውስጥ ከ8,000 በላይ ሰዎችን አስይዟል። በፖላንድ ደግሞ የተሸሸገውን ሰው አግኝተው «ክፈል፣ አለዚያ እናጋልጥሃለን» እያሉ ልብሱን እስኪያወልቅ የሚመጠምጡ ሰዎች ነበሩ፤ በአገሩ ቋንቋ «ሽማልጾቭኒክ» ይባላሉ፣ ቃሉ የመጣው ሞራ ወይም የአሳማ ስብ ከሚለው ነው። ስለ ገንዘብ የጠየቁኝ ስለነዚህ ቢሆን ኖሮ መልሴ አንድ መስመር ብቻ ይሆን ነበር።

ማን ይበዛል ለሚለው፣ ቁጥሩን ከማነጻጸር ይልቅ የሥራውን ክብደት ማነጻጸር ይሻላል። አንድን ሰው ለማዳን አሳዳሪ፣ ዳቦ አምጪ፣ ወረቀት ሠሪ፣ አይቶ እንዳላየ የሚያልፍ ጎረቤት፣ ባንድነት ብዙ ሰው ለብዙ ጊዜ ያስፈልጋል፤ ለመጠቆም ግን አንድ ሰውና አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል። የፍራንክን ቤተሰብ ማን እንደጠቆመ፣ ጥቆማ ስለመኖሩም ጭምር፣ ብዙ ምርመራ ተደርጎ እስከ ዛሬ አልተረጋገጠም። በፖላንድ በማርኮቫ መንደር የነበሩት ዩዜፍና ቪክቶሪያ ኡልማ ግን ዋጋቸውን ከፍለዋል፤ ማርች 24 ቀን 1944 ጀርመኖች ደርሰው በቤታቸው የተገኙትን ስምንት አይሁዳውያን፣ ባልና ሚስቱን፣ ቪክቶሪያ ነፍሰ ጡር ሳለች፣ ስድስት ልጆቻቸውንም ጨምረው ገደሏቸው። ከኦክቶበር 1941 ጀምሮ በዚያ አገር አይሁድን ማስጠለል በሞት የሚያስቀጣ ነበር።

ጥያቄ፦ «በአንዱ አገር ብዙዎች ተርፈው በሌላው ያለቁት ለምንድን ነው? የሕዝቡ ደግነት ልዩነት ነው?» (የታሪክ መምህር፣ ሐዋሳ)

መልስ፦ ደግነት ብቻውን አያብራራውም። ኔዘርላንድ በታጋሽነት የታወቀች አገር ሆና ሳለ ከ140,000 ያህል አይሁዳውያን ሦስት አራተኛው አልቋል፤ ፀረ አይሁድ ሕጎችን በራሱ ያወጣ መንግሥት የነበራት ፈረንሳይ ደግሞ 76,000 ያህል ሰዎች ተግዘውባት ሦስት አራተኛው ተርፏል። ኔዘርላንድ ሜዳ ናት፤ ተራራ የላት፣ ሰፊ ጫካ የላት፣ ከጎኗ ገለልተኛ አገር የላት፣ የሕዝብ መዝገቧ ደግሞ አንድም ሰው የማይስት ነበር። በዚያ አገር ከተሸሸጉት 28,000 ያህል ሰዎች 16,000 ያህሉ ተርፈዋል፤ መሸሸግ የቻለ ሰው ዕድል ነበረው ማለት ነው፤ ችግሩ አብዛኛው ሰው የሚሸሸግበት ጊዜ፣ ገንዘብና ወዳጅ አለማግኘቱ ነው። ፈረንሳይ ተራሮች፣ የተበታተኑ የገጠር መንደሮች፣ ወደ ስዊዘርላንድና ወደ ስፔን የሚያሻግር ድንበር ነበራት።

ዴንማርክን ብዙ ሰው በምሳሌነት ያነሣል። በኦክቶበር 1943፣ ጀርመናዊው ዲፕሎማት ጌኦርግ ዱክቪትስ የአፈሳውን ቀን አስቀድሞ ሹክ ካለ በኋላ፣ 7,200 ያህል አይሁዳውያን በዓሣ አጥማጆች ጀልባ ወደ ስዊድን ተሻገሩ። ባሕሩ በጠባቡ ቦታ አራት ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከሐዋሳ ሐይቅ ስፋት ያነሰ ነው። ዓሣ አጥማጆቹ ብዙዎቹ ያስከፍሉ እንደነበር ለአዳማው ጡረተኛ አንባቢያችን እንጠቁማለን። ሰዎቹ መሸሸግ የነበረባቸው ግን ለጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት እንጂ ለዓመታት አልነበረም፤ ቁጥራቸው ጥቂት ነው፣ ከወዲያ ማዶ የሚቀበላቸው አገር አለ። ከጦርነቱ በፊት ከሦስት ሚሊዮን በላይ አይሁዳውያን በነበሩባትና ረዳቱም በሞት በሚቀጣባት ፖላንድ ይህ አንዱም አልነበረም።

ጥያቄ፦ «የሃይማኖት አባቶችስ ምን አደረጉ?» (ስማቸውን ያልጻፉ አንባቢ፣ ሐዋሳ)

መልስ፦ ብዙዎቹ ዝም ብለዋል፤ ይህን ሳይሉ ማለፍ አይገባም። ዝም ያላሉትም አሉ። በግሪክ ደሴት በዛኪንቶስ ጀርመኖች የአይሁዱን ስም ዝርዝር ሲጠይቁ፣ የኦርቶዶክስ ጳጳሱ ክሪሶስቶሞስና ከንቲባው ሉካስ ካረር የራሳቸውን ሁለት ስም ብቻ ጽፈው እንደሰጡ ይተረካል፤ የደሴቲቱ 275 አይሁዳውያን በየተራራው መንደር ተሸሽገው ሁሉም ተርፈዋል። በደቡብ ፈረንሳይ በለ ሻምቦን መንደር ፓስተር አንድሬ ትሮክሜና ባለቤታቸው ማግዳ አካባቢውን ሁሉ አነሣሥተው ብዙ መቶ ሰዎችን አስጠልለዋል፤ ምእመናኑ ቅድመ አያቶቻቸው በሃይማኖታቸው የተሰደዱ ፕሮቴስታንቶች ነበሩ። በሮም ገዳማት በራቸውን ከፈቱ። አብዛኛው ሕዝቧ ሙስሊም በሆነው በአልባንያ «ቤሳ» የሚባለው የእንግዳን ነፍስ የመጠበቅ ቃል ኪዳን ስለሚገዛቸው፣ ከጦርነቱ በኋላ በአገሪቱ የተገኙት አይሁዳውያን ከጦርነቱ በፊት ከነበሩት በዝተው ተቆጥረዋል። በበርሊንም መሐመድ ሄልሚ የተባለ ግብፃዊ ሐኪም አንዲት አይሁዳዊት ወጣት ደብቆ አድኗል።

ጥያቄ፦ «ለሰው የተሰጡት ሕፃናት ከጦርነቱ በኋላ ወላጆቻቸውን አወቋቸው? እኔ ራሴ በአያቴ ቤት ስላደግሁ እናቴን ሳያት አልቅሼ ሸሽቻት ነበር።» (ነርስ፣ ሻሸመኔ)

መልስ፦ የእርስዎ ዓይነት ልቅሶ በብዙ ቤት ተሰምቷል። አንድ ሕፃን በሁለት ዓመቱ ተሰጥቶ በአምስት ዓመቱ ሲመለስ፣ የሚያውቀው እናት ሌላ ነው፣ ስሙም ሌላ ነው፣ ጸሎቱም ሌላ ነው። የዋርሶዋ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ ኢሬና ሴንድለር ይህን አስቀድማ ስላሰበች፣ ከጌቶው በስውር እየወጡ በቤተሰብና በገዳም የሚቀመጡትን ሕፃናት እውነተኛ ስምና አዲስ ስም በስስ ወረቀት ላይ ጽፋ ትይዝ ነበር፤ ወረቀቱ በኋላ በጠርሙስ ተደርጎ በአንድ ወዳጇ ግቢ ተቀበረ። በኦክቶበር 1943 ጌስታፖ ይዟት ስትደበደብ ስሞቹን አላወጣችም፤ አብራው ትሠራ የነበረው አይሁድን የሚረዳ የምስጢር ድርጅት ጉቦ ከፍሎ ከሞት አስመለጣት። ችግሩ ከጦርነቱ በኋላ ዝርዝሩ ተቆፍሮ ሲወጣ አብዛኞቹ ወላጆች በሕይወት አለመኖራቸው ነው።

ወላጅ በሌለበት ልጁ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ፈረንሳይን ለዓመታት አነታርኳታል። ሮበርና ዤራልድ ፊናሊ የተባሉ ሁለት ወንድማማቾች ወላጆቻቸው በ1944 ተወስደው ሲሞቱ በግሬኖብል ከተማ የሕፃናት ማቆያ ኃላፊ የነበረች አንትዋኔት ብሩን የተባለች ሴት አሳደገቻቸው። አክስቶቻቸው ከ1945 ጀምረው ቢጠይቁም ልጆቹን አልሰጥም ብላ በ1948 አስጠመቀቻቸው፤ ፍርድ ቤት ሲወስንባት ልጆቹ በካህናት እጅ እየተሸሸጉ ድንበር ተሻግረው ወደ ስፔን ተወሰዱ። በ1953 ለዘመዶቻቸው ተመለሱና ወደ እስራኤል ሄዱ። ሴትየዋ ነፍሳቸውን ማዳኗ እውነት ነው፤ መልሳ አለመስጠቷም እንዲሁ። ሁለቱን አጣፍቶ አንዱን ብቻ መናገር ቀላል ቢሆንም እኔ አላደርገውም።

ጥያቄ፦ «በዋሻ ውስጥ ዓመት የኖሩ ቤተሰቦች ነበሩ ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው ወይስ ተረት?» (የባጃጅ ሾፌር፣ ሐዋሳ፣ ታቦር)

መልስ፦ እውነት ነው። በምዕራብ ዩክሬን፣ በኮሮሊውካ መንደር አጠገብ፣ መሬት ውስጥ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ የሚጠላለፍ የጂፕሰም ዋሻ አለ፤ ሶፍ ዑመርን ያየ ሰው ያንን ወንዝ አልባ አድርጎ፣ ጠባብ አድርጎ፣ ፍጹም ጨለማ አድርጎ ያስበው። አስቴር ስተርመር የተባለች እናት የምትመራው ቤተሰብና ዘመድ ወዳጆቹ በመጀመሪያ ሌላ ዋሻ ውስጥ ተሸሽገው ነበር፤ እዚያ ሲደረስባቸው በሜይ 1943 ወደዚህኛው ገቡ። 38 ሰዎች ነበሩ፣ ከሕፃን እስከ አሮጊት።

በውስጡ የሚጠጣ ውኃ አገኙ፤ ይህ ዕድል ነው። የቀረው ሁሉ ሥራ ነው። ወንዶቹ በሌሊት እየወጡ እህል፣ ድንችና ማገዶ ያመጣሉ፣ ሴቶቹ እዚያው ዋሻ ውስጥ በድንጋይ ወፍጮ ይፈጫሉ፣ ይጋግራሉ፤ ብርሃኑ ለምግብ ማብሰያና ለሥራ ብቻ ለጥቂት ጊዜ ይበራና ይጠፋል፣ ቀሪውን ሰዓት በእንቅልፍ ያሳልፉታል። አንድ ጊዜ የመንደሩ ሰዎች መግቢያውን በአፈር ደፈኑት፤ ከውስጥ ቆፍረው ሌላ መውጫ አበጁ። የመጀመሪያ ጥያቄያችንን ላቀረቡት እናት የሚነገራቸው ነገር ቢኖር፣ እዚህም የዱቄቱ ነገር ከጨለማው ይልቅ ያሳስባቸው እንደነበር ነው።

በኤፕሪል 1944 አንድ የሚያውቁት ገበሬ፣ ጀርመኖቹ መሄዳቸውን የሚገልጽ ወረቀት በጠርሙስ አድርጎ በመግቢያው ጣለላቸው። ኤፕሪል 12 ቀን፣ ከ344 ቀናት በኋላ፣ ሠላሳ ስምንቱም ጭቃ እንደለበሱ ወጡ። ውጪው በረዶና ፀሐይ ስለነበር ዓይናቸውን መግለጥ አቃታቸው። ከመካከላቸው አንዲት ትንሽ ልጅ ፀሐይን ረስታት ስለነበር፣ ያን ትልቅ ሻማ እንድታጠፋላት እናቷን ለመነቻት።